ኳስና ሜዳ፤ የኳስ ጭምቀት በርቀትና በሽክርክሪት ላይ ያለው ኃይል፥ ከሩር እስከ ጎልፍ ኳስ

መግቢያ

ጠንካራ ኳስ ከለስላሳ ኳስ ይልቅ ሩቅ ይሄዳል የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው ሳይመረምር የሚቀበለው ነው። የጎልፍ ኳስ የሚሠሩ ፋብሪካዎችም ይህንኑ ሐሳብ ወደ ቁጥር ለውጠው፥ ኳሱ በክብደት ሲጫኑት ምን ያህል እንደሚጨመቅ የሚያመለክት መለኪያ ይዘው፥ ለጉልበተኛው ጠንካራውን፥ ለደካማው ለስላሳውን እያሉ ሲሸጡ ኖረዋል። በዚህ ጽሑፍ ሐሳቡ ከየት እንደ መጣ፥ ከእርሱም ምን ያህሉ እውነት እንደ ሆነ በታሪክ መንገድ ለመመርመር እንሞክራለን።

ለምርመራችን ምሳሌ አድርገን የመረጥነው ስፍራ የአዲስ አበባው ልደታ ነው። ምክንያታችንም ሦስት ነው። አንደኛ፥ በከተማይቱ የጎልፍ ጨዋታ ከሚታወቅባቸው ስፍራዎች አንዱ ከልደታ በስተ ደቡብ ምዕራብ ያለው፥ ሕዝቡ አሮጌ ኤርፖርት የሚለው ሰፈር ነው። ሁለተኛ፥ ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሚገኝ፥ የሳሳ አየር በኳስ ላይ የሚያደርገውን ለመረዳት ይመቻል። ሦስተኛ፥ የቀድሞው ሰፈር ፈርሶ በቦታው ልደታ ኮንዶሚኒየም ስለ ተሠራ፥ ሜዳ ሲጠብ ኳስ እንዴት እንደሚለወጥ በዓይን የሚታይበት ቦታ ሆኗል።

እነዚህ ሦስት ነገሮች ተለያይተው ሲታዩ ግንኙነት የሌላቸው ይመስላሉ። እኛ ግን የኳስ ታሪክ በመሠረቱ የሜዳ ታሪክ ነው፤ ኳሱ ምን ያህል ይጠንክር የሚለውን ጥያቄ በመጨረሻ የሚወስነው የሚጫወቱበት ስፍራ ነው እንላለን። ይህንንም ደረጃ በደረጃ ለማስረዳት እንጥራለን።

፩. ስለ ጭምቀት ትርጓሜ

ኳስ በዱላ በተመታ ጊዜ ሁለት ነገር ይሆናል። በመጀመሪያ ዱላው የነካው ጎን ይጠፈጠፋል፤ ቀጥሎም ኳሱ ወደ ቀድሞ መልኩ ለመመለስ ሲታገል ራሱን ከዱላው ላይ ገፍቶ ይወረወራል። በጎልፍ ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ከአንድ ሴኮንድ ሁለት ሺሕ እጅ አንዱ ያህል በሆነ ጊዜ ውስጥ ስለ ሆነ፥ የሰው ዓይን አይደርስበትም። በዚህ ጽሑፍ ጭምቀት የምንለው ኳሱ በተወሰነ ክብደት ሲጫኑት ምን ያህል እንደሚጠፈጠፍ የሚገልጠውን መጠን ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ልዩነት አለ። ይኸውም መጨመቅና መመለስ አንድ አለመሆናቸው ነው። ልጆች ከአሮጌ ካልሲና ከጨርቅ ጠቅጥቀው የሚሠሩት ኳስ በቀላሉ ይጨመቃል፤ ነገር ግን አይመለስም። የተመታበት ኃይል በጨርቁ እጥፋቶች መካከል በመፋተግ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይቀራል። ጎማም እንዲሁ በቀላሉ ይጨመቃል፤ ነገር ግን የተቀበለውን ኃይል አብዛኛውን መልሶ ይሰጣል። ሁለቱም ለስላሳ ሲሆኑ አንዱ ሲነጥር ሌላው መሬት ላይ ተለጥፎ ይቀራል። እንግዲህ ልስላሴ ብቻውን ወይም ጥንካሬ ብቻውን ርቀትን አይሰጥም፤ ዋናው ነገር ከተቀበለው ኃይል ምን ያህሉን ይመልሳል የሚለው ነው።

ይህን ለመለካት ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ኳሱን ከ2 ሜትር ከፍታ በሲሚንቶ ወለል ላይ ለቅቆ ምን ያህል እንደ ነጠረ መመልከት ይበቃል። 1 ሜትር የነጠረ እንደ ሆነ፥ ከኃይሉ ግማሹን መልሷል፤ ግማሹን አጥፍቷል ማለት ነው። ጥሩ የጎልፍ ኳስ በዚህ ዓይነት ሲለቀቅ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይነጥራል። የካልሲው ኳስ ግን ከቁርጭምጭሚት ከፍ አይልም።

፪. ሩርና የገና ጨዋታ

በአገራችን በዱላ የሚመታ ኳስ እንግዳ ነገር አይደለም። ታኅሣሥ 29 ቀን፥ በዘመነ ዮሐንስም ታኅሣሥ 28 ቀን፥ የጌታን ልደት ምክንያት በማድረግ የሚደረገው የገና ጨዋታ ከጥንት የመጣ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው፥ እረኞች የክርስቶስን መወለድ በሰሙ ጊዜ በደስታ በትራቸውን ይዘው ተጫወቱ፤ ጨዋታውም ከዚያ ተያይዞ መጣ። ተጫዋቾች በሁለት ወገን ተከፍለው፥ ጫፉ በቆለመመ ዱላ ኳሷን እየመቱ ወደ ተቃራኒው ወገን ወሰን ለማሳለፍ ይሽቀዳደማሉ። በአዲስ አበባ ለዚህ ጨዋታ ስሙ የታወቀው ሜዳ ጃን ሜዳ ነው።

ኳሷ ሩር ትባላለች። ከእንጨት ተጠርባ ወይም ከጠፍር ተጠቅልላ ትሠራለች። ለጥናታችን ትልቅ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ጨዋታ፥ አንድ ዱላ፥ ነገር ግን ጠባያቸው የተለያየ ሁለት ኳሶች። የእንጨቷ ሩር ስትመታ የማይታይ ያህል ብቻ ትጨመቃለች። ጭምቀቷ እንደ ምንም ስለ ሆነ ድንጋጤው በሙሉ ወደ ዱላውና ወደ መቺው እጅ ይመለሳል። የጠፍሯ ሩር ደግሞ ትጨመቃለች፤ ቆዳው ግን እንደ ጎማ ስለማይመልስ፥ ከምቱ ኃይል አንዱ ክፍል በውስጧ ይቀራል። ቆዳ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ይለሰልሳል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይጠነክራል። ስለዚህ የጠፍር ሩር ጠባይ እንደ ሜዳው እርጥበት ይለዋወጣል።

የገና ሜዳ ሰፊ ነው፤ የተጫዋቹም ቁጥር የተወሰነ አይደለም። ሩሯ አብዛኛውን ጊዜ በሣር ላይ እየተንከባለለች ስለምትሄድ፥ ርቀቷን የሚወስነው የአየር ሳይሆን የመሬት ተቃውሞ ነው። እንዲህ ላለ ጨዋታ ጠንካራ ኳስ ይስማማል። አደጋው ግን ግልጥ ነው፤ ጠንካራ ኳስ ከመሬት የተነሣ እንደ ሆነ አጥንት ይሰብራል። በገና ጨዋታ ጊዜ ጌታ በሎሌው እንደማይቆጣ የሚናገረው የታወቀ ብሂልም የጨዋታውን ነጻነት ብቻ ሳይሆን የምቱን ከባድነት ጭምር ያስታውሰናል።

፫. ከላባ ኳስ እስከ ጎማ እምብርት

የሩርን ጠባይ ይዘን ወደ ስኮትላንድ ብንሻገር ተመሳሳይ መንገድ እናገኛለን። በዚያ አገር ጎልፍ ከመወደዱ የተነሣ፥ የአገሩ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1457 ሕዝቡ የቀስት ልምምዱን እንዳይተው በማለት ጨዋታውን ከልክሎ ነበር። በኋላ ዘመን ተጫዋቾች ይጠቀሙበት የነበረው የላባ ኳስ ከቆዳ የተሰፋ ከረጢት ነው፤ በውስጡም የተቀቀለ የዝይ ላባ እርጥብ እንደ ሆነ እየተጠቀጠቀ ይሞላበት ነበር። ኳሱ ሲደርቅ ቆዳው ይኮማተራል፤ ላባው ደግሞ ይነፋል። ሁለቱ እርስ በርሳቸው ሲገፋፉ ኳሱ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ይህ በእጅ የሚሠራ ጭምቀት ነው ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ አንድ ሠራተኛ በቀን ከጥቂት ኳሶች በላይ ሊሠራ አይችልም ነበርና ዋጋው ውድ ነበር። ዝናብ ያገኘውም ኳስ እንደ ጠፍር ሩር ይከብድና ስፌቱ ይፈታ ነበር።

ይህን ሁሉ የለወጠው እ.ኤ.አ. ከ1848 ጀምሮ የገባው ጉታ ፐርቻ የተባለ የማላያ አገር የዛፍ ሙጫ ነው። ሙጫው በሙቅ ውኃ ይለሰልሳል፤ ሲቀዘቅዝም ይጠነክራል። ስለዚህ ማንኛውም ሰው በርካሽ ዋጋ ኳስ ሊያድበለብል ቻለ። በሴንት አንድሩስ ከተማ የላባ ኳስ በመሥራት የታወቀው አለን ሮበርትሰን ሥራው እንዳይጠፋበት ስለ ሠጋ አዲሱን ኳስ እጅግ ይቃወም ነበር። አብሮት ይሠራ የነበረው ቶም ሞሪስም በዚሁ ምክንያት ከእርሱ ተለየ።

በጉታ ፐርቻ ኳስ ላይ ተጫዋቾች አንድ ያልጠበቁት ነገር አስተዋሉ። አዲሱና ልሙጡ ኳስ በአየር ላይ ቶሎ ይወድቃል፤ በዱላ ተመትቶ የተቦጫጨረው ግን ቀጥ ብሎ ይበራል። ከዚህ በኋላ ሠራተኞች ኳሱን ገና ከመሸጡ በፊት በመዶሻ መውቀር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1905 ዊሊያም ቴይለር የተባለው እንግሊዛዊ በኳሱ ገጽ ላይ ጥቃቅን ጎድጓዶች የማድረግን ዘዴ አስመዘገበ። ዛሬ በእያንዳንዱ የጎልፍ ኳስ ላይ የምናያቸው ጎድጓዶች ምንጭ ይህ ነው። እንግዲህ ስለ ርቀት የተገኘው የመጀመሪያው ታላቅ ትምህርት ስለ ኳሱ ጥንካሬ ሳይሆን ስለ ገጹ መሆኑን እናስተውል።

ሁለተኛው ታላቅ ለውጥ የመጣው ከአሜሪካ ነው። ኮበርን ሃስከል የተባለው የክሊቭላንድ ሰው በአክረን ከተማ በጉድሪች የጎማ ፋብሪካ ይሠራ ከነበረው ከበርትራም ወርክ ጋር ሆኖ፥ የተለጠጠ የጎማ ክር በእምብርት ላይ ጠቅልሎ በጉታ ፐርቻ የመሸፈንን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1898 አመጣ። አሠራሩ ከጠፍር ሩር ጋር ያለው መመሳሰል የሚያስደንቅ ነው፤ ልዩነቱ ጠፍር የወሰደውን ኃይል ሲያስቀር፥ የተለጠጠ ጎማ ግን መልሶ መስጠቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ሳንዲ ኸርድ በዚህ ኳስ ተጫውቶ የእንግሊዝን ክፍት ውድድር ባሸነፈ ጊዜ የድሮው ኳስ ዘመን አበቃ።

፬. ጭምቀት ቁጥር ሲሆን

ክር የተጠቀለለበት ኳስ አንድ ችግር አመጣ። ክሩ ይበልጥ ከተወጠረ ኳሱ ይጠነክራል፤ ከላላም ይለሰልሳል። ስለዚህ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ኳሶች እንኳ እርስ በርሳቸው ይለያዩ ጀመር። እነርሱን ለመለየት መለኪያ አስፈለገ። በተለመደው መለኪያ መሠረት በተወሰነ ክብደት ሲጫኑት ምንም ያልተጨመቀ ኳስ 200 ይሰጠዋል፤ ከኢንች ሺሕ እጅ አንዱን በተጨመቀ ቁጥር ከ200 ላይ አንድ ይቀነሳል። እንግዲህ 100 የተባለው ኳስ ከኢንች አሥር እጅ አንዱን፥ ማለት 2.5 ሚሊሜትር ያህል የተጨመቀ ነው። በክር ኳስ ዘመን በገበያ የታወቁት ቁጥሮች 80፥ 90 እና 100 ነበሩ።

ከዚህ ቁጥር የተነሣ ሰዎች የክብር ደረጃ ያለበት አስመስለው ተናገሩ። መቶውን የሚመታ ጉልበተኛ ነው፤ ሰማንያውን የሚመታ ደካማ ነው ተባለ። ከዚህም አልፎ ደካማ መቺ ጠንካራውን ኳስ ሊጨምቀው ስለማይችል ርቀት ያጣል የሚል ትምህርት ተስፋፋ።

ይህ ትምህርት ግማሹ ብቻ እውነት ነው። በጎልፍ ዱላ ቢመታ ማንኛውም ኳስ ይጨመቃል፤ የማይጨመቅ የለም። እውነቱ ይህ ነው፤ በዓለም የታወቁ ተጫዋቾች ዱላቸውን በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት ሲያወናጭፉ፥ ለስላሳው ኳስ ከመጠን በላይ ስለሚጠፈጠፍ ኃይል ያባክናል፤ ጠንካራው ግን ፈጥኖ ይወጣል። ስለዚህ ጥንካሬ ለእነርሱ ጥቂት ሜትሮችን ይጨምራል። ዱላውን በዝግታ ለሚያወናጭፈው መቺ ግን በሁለቱ ኳሶች መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ጥቂት ይሆናል። ለስላሳው ኳስ ለደካማው የሚሰጠው ዋና ጥቅም ርቀት ሳይሆን ለእጅ የሚመች መሆኑ ነው።

የጨዋታውን ሕግ የሚያወጡት ማኅበራትም የሚቆጣጠሩት ጭምቀትን አይደለም። የኳሱ ክብደት ከ45.93 ግራም እንዳይበልጥ፥ የጎኑም ስፋት ከ42.67 ሚሊሜትር እንዳያንስ ወስነዋል። የአሜሪካው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1942 ኳሱ ከመምቻው ሲነሣ ሊኖረው ስለሚችለው ፍጥነት ወሰን አደረገ፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ የጠቅላላ ርቀት ወሰን ጨመረ። ፍጥነቱና ርቀቱ ከታሰሩ፥ የጭምቀት ቁጥሩ ብቻውን ተአምር ሊሠራ አይችልም።

፭. ስለ ሽክርክሪት

የጎልፍ ዱላ ፊት ወደ ላይ የተጋደመ ስለ ሆነ፥ ኳሱን ሲመታ ወደ ፊት መግፋት ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላም ያሽከረክረዋል። ይህ ሽክርክሪት ለበረራው ምን እንደሚያደርግ በሚገባ የመረመረው በኤዲንበርግ የፊዚክስ መምህር የነበረው ፒተር ጋትሪ ቴት ነው። ልጁ ፍሬዲ ቴት እ.ኤ.አ. በ1896 እና በ1898 የእንግሊዝን የአማተሮች ውድድር ያሸነፈ ታላቅ ተጫዋች ነበር። አባትየው በኳሱ ላይ ረጅም ጥብጣብ አስሮ ካስመታ በኋላ፥ ጥብጣቡ ስንት ጊዜ እንደ ተጠማዘዘ በመቁጠር የሽክርክሪቱን ብዛት ለካ። ወደ ኋላ የሚሽከረከር ኳስ አየሩን ወደ ታች ስለሚገፋ፥ አየሩም ኳሱን ወደ ላይ እንደሚያነሣው አስረዳ። መሣሪያው ተራ ጥብጣብ ነበረ፤ ውጤቱ ግን እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል።

ጭምቀት በዚህ ላይ ያለው ኃይል እንዲህ ነው። በረጅሙ ዱላ በኃይል ሲመታ፥ ለስላሳ እምብርት ያለው ኳስ በአብዛኛው አነስ ያለ ሽክርክሪት ይይዛል፤ ጠንካራ እምብርት ያለው ደግሞ ከፍ ያለ ሽክርክሪት ሊይዝ ይችላል። የባለሙያ ረጅም ምት በደቂቃ 2,500 ጊዜ ያህል ሲሽከረከር፥ ወደ ቀዳዳው ለማስጠጋት በአጭሩ ዱላ የሚመታው ግን እስከ 9,000 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በዚህ በአጭሩ ምት ዋናው ነገር እምብርቱ ሳይሆን ልባሱ ነው። ዩሬቴን የተባለው ለስላሳ ልባስ በዱላው ፊት ላይ ባሉት ቦዮች ይያዛል፤ ስለዚህ አብዝቶ ይሽከረከራል፤ በሣሩም ላይ ቶሎ ይቆማል። ሰርሊን የተባለው ጠንካራ ልባስ ግን ተንሸራትቶ ያልፋል። የዛሬ ፋብሪካዎች ጠንካራውን እምብርት ከለስላሳው ልባስ ጋር በማጣመር፥ ቀድሞ ሊገናኙ አይችሉም ይባሉ የነበሩትን ርቀትንና ሽክርክሪትን በአንድ ኳስ አስማምተዋል።

፮. የደጋው አየር

እስካሁን የተናገርነው ስለ ኳሱ ነው። ኳሱ ከተነሣ በኋላ ግን ጌታው አየር ነው። በአዲስ አበባ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ጋር ሲመዛዘን ከአምስት እጅ አራቱን ያህል ብቻ፥ እንዲያውም ከዚያ ያነሰ ክብደት አለው። ይህ የሳሳ አየር ሁለት ተቃራኒ ሥራ ይሠራል። አንደኛ ኳሱን የሚጎትተው ተቃውሞ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ኳሱ ሩቅ ይሄዳል። ሁለተኛ፥ ወደ ኋላ የሚሽከረከረውን ኳስ የሚያነሣው ኃይል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ኳሱ ዝቅ ብሎ ይበራል፤ በቀኝና በግራ የሚጠመዝዘውም ምት ይቃናል። ሽክርክሪቱ ራሱ አይጠፋም፤ የሚመረኮዝበት አየር ግን ያንሰዋል።

የሁለቱ ድምር በረጅም ምት ላይ ከመቶ ወደ 10 የሚጠጋ ተጨማሪ ርቀት ይሰጣል። በባሕር ዳርቻ 200 ሜትር የሚሄድ ምት በአዲስ አበባ ወደ 220 ሜትር ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። እንግዲህ በለስላሳና በጠንካራ ኳስ መካከል ያለው የጥቂት ሜትር ልዩነት ከዚህ ጋር ሲመዛዘን አነስተኛ ሆኖ እናገኘዋለን። በአገራችን ለሚጫወት ሰው በሳጥኑ ላይ ከተጻፈው የጭምቀት ቁጥር ይልቅ የቆመበት ተራራ ይበልጣል።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ሊሆን አይገባም። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. ማሞ ወልዴ የማራቶንን ወርቅ ያገኘባት ሜክሲኮ ከተማ 2,240 ሜትር ከፍታ አላት። በዚያ ውድድር የሳሳው አየር የሩቅ ሯጮችን ትንፋሽ ሲያሳጥር፥ ለሚዘልሉትና ለአጭር ርቀት ሯጮች ግን መንገዱን አቃልሎ ነበር። ኳስም ትንፋሽ ስለማያስፈልገው ጥቅሙን ብቻ ይወስዳል።

፯. ልደታ፤ ሜዳው ሲጠብ

ይኸው የሳሳ አየር በልደታ ታሪክ ውስጥ ሌላ ሥራ ሠርቷል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን የመንገደኛ በረራ ሲያደርግ የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ ነበር። አየሩ ሲሳሳ ክንፍን የሚያነሣው ኃይል ስለሚቀንስ፥ አውሮፕላን በደጋ ላይ ለመነሣት ረጅም ሜዳ ይፈልጋል። የሚሽከረከረውን ኳስ ዝቅ አድርጎ የሚያበርረውም ይኸው ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 መጨረሻ የጄት አውሮፕላኖች ሲመጡ የልደታ ሜዳ አልበቃቸውም፤ መንገደኛው ሁሉ ወደ ቦሌ ዞረ። ለሰፈሩ የቀረለት አሮጌ ኤርፖርት የሚለው ስም ነው።

ልደታም ራሷ ተለወጠች። በ2000ዎቹ ዓ.ም. የመጀመሪያ ዓመታት ከጭቃና ከእንጨት የተሠሩት ያረጁ የቀበሌ ቤቶች ፈረሱ፤ በቦታቸውም የኮንዶሚኒየም ፎቆች ቆሙ። ከቀድሞዎቹ ነዋሪዎች አንዳንዱ በፎቁ ቤት አገኘ፤ ሌላው ወደ ከተማይቱ ዳር ሄደ። በ2008 ዓ.ም. የቀላል ባቡር ሐዲድ በአጠገቡ ሥራ ጀመረ። ለመኖሪያ ቤት ያለው ጥቅም የሚካድ አይደለም። ለጨዋታ ያመጣውን ግን የመዘገበ የለም።

በብሎኮች መካከል ያለው ስፍራ ሲሚንቶና ንጣፍ ድንጋይ ነው፤ መኪና ይቆምበታል፤ ልብስ ይሰጣበታል፤ ዙሪያውን በሙሉ መስታወት ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ ሩር ሊመታ አይችልም። ሲሚንቶ ኃይል ስለማይውጥ ሩሯ በሣር ላይ ከምትሄደው እጅግ ርቃ ትፈናጠራለች፤ መስኮት ወይም የሰው ራስ ታገኛለች። ለዚህ ስፍራ የሚስማማው የሚጨመቅና የማይመለስ ኳስ ነው፤ ይኸውም የካልሲው ኳስ ወይም ነፋሱ የጎደለ የፕላስቲክ ኳስ ነው። ልጆቹ ይህን የሚመርጡት በድህነት ብቻ ነው ብለን ብናስብ እንሳሳታለን። ኃይልን የሚያባክን ኳስ ለጠባብ ስፍራ ትክክለኛው ኳስ ነው።

ይህ አስተሳሰብ በታላላቆቹ የጎልፍ አገሮችም ዘንድ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በኬይማን ደሴት መሬት ስለ ጠበበ፥ ጃክ ኒክላውስ የነደፈው ትንሽ ሜዳ በተሠራ ጊዜ፥ ከተራው ኳስ ግማሽ ያህል ብቻ የሚሄድ ኳስ ተሠራለት። እንዲሁም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 2023 የጨዋታውን ሕግ የሚያወጡት ሁለቱ ማኅበራት የኳስ ርቀት እንዲቀነስ መወሰናቸውን አስታወቁ። ካቀረቡትም ምክንያት አንዱ ምቱ በረዘመ ቁጥር ሜዳው መርዘም፥ መሬትና ውኃም መብላት አለበት የሚል ነው። በልደታ ብሎኮች መካከል የሚጫወተው ልጅ በካልሲ የፈታውን ጥያቄ እነርሱ በሕግ ለመፍታት ተነሡ ማለት ነው።

መደምደሚያ

ካየነው ሦስት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፥ ጠንካራ ኳስ ሩቅ ይሄዳል የሚለው አባባል እውነት የሚሆነው መቺው ፈጣን ሲሆንና ኳሱ የወሰደውን ኃይል የሚመልስ ሲሆን ብቻ ነው። ሁለተኛ፥ ሽክርክሪትን በአጭር ምት የሚወስነው ከጭምቀቱ ይልቅ ልባሱ ነው፤ በረጅም ምት ደግሞ ሽክርክሪቱ የሚሠራው አየሩ እንደ ፈቀደለት ነው። ሦስተኛ፥ የኳስን ጭምቀት ከሁሉ በላይ የሚወስነው ሜዳው ነው። ሰፊ ሜዳ የሩርን ጥንካሬ ወለደ፤ ጠባብ ግቢ የጨርቅ ኳስን ወለደ።

ከዚህ የሚከተል ሥራ አለ። የጎልፍ ኳስ ከላባው ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ ታሪኩ ተጽፎለታል፤ ተመዝኗል፤ ቁጥር ተሰጥቶታል። ሩር ግን ክብደቷና ስፋቷ፥ ከየትኛው እንጨት እንደምትጠረብ፥ ጠፍሩም እንዴት እንደሚጠቀለል በየአውራጃው ተለይቶ ሊመዘገብላት ይገባል። ይህን የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ዛሬ የሚኖሩት በፎቅ ቤት ውስጥ ነው። መለኪያውም ውድ አይደለም፤ ሚዛን፥ ሜትርና የኮንዶሚኒየም ደረጃ ይበቃል። ቴት ለታላቅ ግኝቱ የተጠቀመው በጥብጣብ እንደ ነበር አንርሳ።

ሜዳው በየዓመቱ ይጠብባል። የሰፊ ሜዳ ኳስ ደግሞ ከሜዳው በኋላ ብዙ ዕድሜ አይኖረውም፤ የሚመታበት ስፍራ ያጣ ኳስ መሥሪያውም ይረሳል። ስለዚህ ጓደኞቻችን ተማሪዎች ለመጪው የገና ዕረፍት ወደየአገራቸው ሲሄዱ፥ በእጃቸው የገባችውን ሩር ሁሉ እንዲመዝኑ፥ ከ2 ሜትር ከፍታ ለቅቀው ንጥረቷን እንዲለኩ፥ የሠሪውንም ቃል እንዲጽፉ እናሳስባለን። መምህሮቻችንም ይህን ሥራ በአንድ መዝገብ እንዲሰበስቡልን እንለምናለን።